ስለ ቀለበት ጣቴ ለምትጠይቁኝ ወዳጆች

በግራ እጄ የቀለበት ጣት ላይ የተደረገው ቀዶ ሕክምና ምን እንደ ሆነና ጊታር መቼ እንደማነሣ፥ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቅዱስ ራጉኤል በማልፍበት መንገድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ በዛ፥ ለአንዱ አርዝሜ ለሌላው አሳጥሬ ከምመልስ ይልቅ ነገሩን ጽፌ ለሁሉም በአንድነት ማቅረብ የሚሻል መሰለኝ። ጠያቂዎቼ ደግሞ ጠይቀው ብቻ አይሄዱም፤ መካሪዎችም ናቸው። አንደኛው ወገን «ጣትህን ፈጽሞ አታንቀሳቅሰው፥ ይረፍ» ይለኛል፤ ሁለተኛው ወገን «ወጌሻ ዘንድ ሄደህ ታሽ፥ ካልታሸ ደርቆ ይቀራል» ይለኛል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ስለ ሆነ አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን የተቈረጠ ጅማት በተሰፋ ጊዜ ሁለቱም ምክሮች ጣት የሚያሳጡ መሆናቸውን ማስረዳት አለብኝ።

ጉዳቱ የደረሰብኝ ምን አለሽ ተራ ነው። አሮጌ በርሜል ተቀዶ ምድጃ በሚሆንበት፥ የመዶሻውም ድምፅ ከማለዳ እስከ ምሽት በማያባራበት በዚያ ስፍራ፥ ለድምፅ ማጉያዬ ሣጥን የማዕዘን ብረት ላሠራ ቆሜ ሳለሁ፥ ከአንድ ተሸካሚ ትከሻ ላይ የተንሸራተተ የላሜራ ጠርዝ ጣቴን በመዳፍ በኩል፥ ከመዳፉና ከመካከለኛው አንጓ መካከል ቈረጠው። ቍስሉ ጠባብ ነበረ፤ ደሙም በጨርቅ ሲታሰር ቶሎ ቆመ። በዙሪያዬ የነበሩት ሰዎች «እግዚአብሔር አተረፈህ፥ ትንሽ ናት» አሉኝ። እኔ ግን ጣቶቼን ልጨብጥ ስል ሦስቱ ታጥፈው አንዱ ተገትሮ ቀረ። ይህን ምልክት አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው እወዳለሁ፤ ቍስሉ የጥፍር ያህል እንኳ ቢያንስ፥ ከእርሱ በኋላ ጣት አልታጠፍ ካለ የተቈረጠው ቆዳ ብቻ አይደለም።

ጣትን የሚያጥፈው ኃይል በጣት ውስጥ አይገኝም። ጡንቻው በክንድ ውስጥ ተቀምጦ ረጃጅም ጅማቶችን በእጅ አንጓ በኩል እያሳለፈ ወደ ጣቶች ይልካል። ከአውራ ጣት በቀር ለእያንዳንዱ ጣት ሁለት አጣፊ ጅማቶች ተሰጥተውታል፤ አንዱ ላይኛው ነው፥ የመካከለኛውን አንጓ ያጥፋል፤ ሁለተኛው ጥልቁ ነው፥ እስከ ጣቱ ጫፍ ደርሶ የመጨረሻውን አንጓ ያጥፋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን፥ ላይኛው ጅማት በመንገዱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ጥልቁን በመካከሉ የሚያሳልፈው መሆኑ ነው፤ የፍጥረት ባለቤት ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንዲት ጣት ማድረጉን ሳስብ፥ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠቀምሁበትን እጅ አለማወቄ ያስገርመኛል። ሁለቱም ጅማቶች በአንድ ጠባብ ሰገባ ውስጥ ያልፋሉ፤ ሰገባውም በጠንካራ ማሰሪያዎች ከአጥንቱ ጋር ተይዟል፤ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ በልባሱ ውስጥ እንደሚንሸራተት ጅማቱም በዚያ ውስጥ ይንሸራተታል። መከራው የሚመጣው ከዚህ ነው። ቍስል ሲድን የሚያበቅለው ጠባሳ የት ማቆም እንዳለበት አያውቅምና፥ የተሰፋውን ጅማት እርስ በርሱ ብቻ ሳይሆን ከሰገባው ጋር ጭምር ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀም ጅማት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጣትን ማጠፍ አይችልም።

እኔ የተቈረጥሁበትን ይህን ክፍል፥ በአሜሪካ የእጅ ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው ስተርሊንግ በነል «ባለቤት የሌለው ምድር» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በጦር ግንባር በሁለት ምሽጎች መካከል ማንም ሊቆምበት እንደማይደፍረው ቦታ ማለቱ ነው። በእርሱ ዘመን የሐኪሞች ሥርዓት፥ በዚያ ስፍራ የተቈረጠውን ጅማት ወዲያው ከመስፋት ይልቅ ቆዳውን ብቻ ዘግቶ፥ ከጊዜ በኋላ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት አምጥቶ መተካት ነበር። በ1960ዎቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሐሮልድ ክላይነርትና ባልደረቦቹ በሉዊቪል ከተማ፥ ጅማቱን በጥንቃቄ ወዲያው ሰፍተው ጣቱንም በላስቲክ እየሳቡ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሲያንቀሳቅሱት መልካም ውጤት እንደሚገኝ ሲያሳዩ ብዙዎች አላመኑአቸውም። በ1975 ደግሞ ዱራንና ሐውዘር የተባሉ ሐኪሞች፥ ጅማቱ እንዳይጣበቅ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢንሸራተት እንደሚበቃው ጻፉ። እነሆ መላው ምሥጢር! ከሦስት ሚሊሜትር ቢያንስ ይጣበቃል፤ በኃይል ቢሳብ ይበጠሳል። ስፌቱ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደካማ ስለሚሆን፥ በሽተኛው በራሱ ጡንቻ እንዳይጨብጥ፥ ነገር ግን በሌላው እጁ ጣቱን ቀስ አድርጎ እያጠፈ እስከ መደገፊያው ድረስ እንዲዘረጋ ይታዘዛል። ከእጅ ጀርባ የሚታሰረው ይህ መደገፊያ በተለመደው ሥርዓት ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከባድ ነገር መያዝና በኃይል መጨበጥ ግን እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ የተከለከለ ነው።

የእጅ ጅማት ጥበብ ለአዲስ አበባ እንግዳ አለመሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ላንሣ። በ1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሰፈር የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም፥ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ባለሙያዎች ለማሠልጠን የተመሠረተ ነው። የሥጋ ደዌ የክንድን ነርቭ ሲጎዳ ጣቶች ወደ ውስጥ ተቈልምመው ይቀራሉ። ከ1946 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ያገለገለው እንግሊዛዊ ሐኪም ፖል ብራንድ፥ ጤነኛ የሆነውን የአንድ ጣት ላይኛ ጅማት ከፋፍሎ ወደ ደከሙት ጣቶች በማዛወር የተቈለመሙ እጆች እንደገና ምግብ እንዲጐርሱና መሣሪያ እንዲይዙ አድርጓል፤ የሕሙማኑም ጣቶች የሚያልቁት ደዌው ሥጋቸውን ስለሚበላ ሳይሆን፥ ሕመም መስማት ስለሚያቅታቸው በእሳትና በስለት ሳያውቁት ስለሚጎዱ መሆኑን አስረድቷል። ይህ የጅማት ማዛወር ሥራ በአለርትም ተሠርቷል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጅን የሚያስተምሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ሠልጥነውበታል። ኅብረተሰቡ ሲሸሻቸው በኖሩት ሰዎች እጅ ላይ የተጠራቀመው ትምህርት ዛሬ የሙዚቀኛንም ጣት ማዳኑን ሳስብ፥ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለብን ይሰማኛል።

ወደ ወጌሻ ነገር ልመለስ። የጎረቤቴ እናት፥ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው፥ በየማለዳው «ልጄ፥ ትንሽ ቅቤ ቀብቶ ቢያሽህ ምን አለበት?» ይሉኛል። «እትዬ፥ ውስጡ ያለው በክር የተሰፋ ነው፤ ቢያሹት ይበጠሳል» ስላቸው «የበላይ አምላክ ይማርህ» ብለው ዝም ይላሉ፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ይደግማሉ። ወጌሻን መናቅ የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ ወለምታ ያቀኑልኝን አባት እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ከመታሰሩ የተነሣ ደም ተቋርጦበት፥ ሥጋው ሞቶ፥ በመጨረሻ እጃቸው የተቈረጠ ልጆች መኖራቸውን የሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ፥ ከደነዘዙ፥ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ፥ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ እስከ ማግስት መጠበቅ አይገባም።

የሙዚቃ ሰዎች ደግሞ ሌላ ምክር አላቸው። «ሦስት ጣቶች አሉህ አይደለም እንዴ? ጃንጎስ በሁለት ጣት አይደለም ወይ ዓለምን ያስደነቀው?» ይሉኛል። ጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት በ1928 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በፓሪስ ዳር የሚኖርበት ሠረገላ ሲቃጠል የግራ እጁ የቀለበትና ትንሿ ጣቱ ተቃጥለው ተጨማደዱ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሕክምናና ልምምድ በኋላ በጠቋሚና በመካከለኛ ጣቱ ዜማውን እየተጫወተ፥ በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ታዋቂውን የሙዚቃ ቡድን መሠረተ። የበርሚንግሃሙ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚም በብረታ ብረት ፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቶ፥ ከቀለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሠራው ቆብ ተጫውቷል። ታሪካቸው ያጽናናል፤ በእኔ ላይ ግን አይጸናም። የጃንጎ ጣቶች ጠባሳቸው ረግቶ፥ የቀረውም ቀርቶ ነበር፤ የሚበጠስ ስፌት አልነበረውም። በእኛ እጅ ደግሞ የመካከለኛው፥ የቀለበቱና የትንሿ ጣት ጥልቅ ጅማቶች ከአንድ የጡንቻ አካል ይወጣሉ። ማስረጃ የሚሻ ሰው በቀኝ እጁ የግራ እጁን መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግቶ ይያዝና የዚያኑ እጅ የቀለበት ጣት ጫፍ ለማጠፍ ይሞክር፤ ኃይሉ ከወዴት እንደ ጠፋ ይደነቃል። እንግዲህ በመካከለኛው ጣቴ ክር ስጫን የተሰፋውም ጣት ጡንቻ አብሮ ይሳባል ማለት ነው።

መጠጊያ ፍለጋ ወደ ሀገራችን መሣሪያዎች ዞር ብዬ ነበር፤ አንዱም ለግራ እጅ አይራራም። በበገና ክሩን የሚመቱት የግራ ጣቶች ናቸው፤ በክራር ቀኝ እጅ ሲመታ የማይፈለገውን ክር የሚያፍነው ግራው ነው፤ በማሲንቆም ቀኝ እጅ ደጋኑን ሲስብ ዜማውን የሚያወጣው ግራው ነው። ስለዚህ የጊታሬን ክሮች አንዳንዱን አላልቼ፥ ስድስቱም ሳይጫኑ የትዝታን አምስት ድምፆች እንዲሰጡ ቃኘኋቸውና በቀኝ እጄ ብቻ መምታት ጀመርሁ። ያወጣሁት ዜማ ለመድረክ የሚበቃ አይደለም። ሆኖም የሰላም ሥዩምን ጊታር፥ በ1975 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከአይቤክስ ባንድ ጋር ለማሕሙድ አሕመድ «ኤሬ መላ መላ» የተጫወተውን፥ በወጣትነቴ ጣት በጣት ስቀዳ የግራ እጁን ብቻ እከተል እንደ ነበረ፥ የቀኝ እጁን ምት ግን አሁን ገና መስማት እንደ ጀመርሁ ተገነዘብሁ።

አሁን መደገፊያው ተፈትቷል። ጣቱ ይታጠፋል፤ ጫፉ ግን መዳፌን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። የጣቱ አንድ ጎን ነርቭም ተቈርጦ ስለ ነበረ ያ በኩል ገና ደንዛዛ ነው፤ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እንደሚያድግ ስለ ተነገረኝ አልቸኩልም። በዘመናት የተሠራው የጣቶቼ ጫፍ ቆዳ ደግሞ በዕረፍቱ ወራት ተልጦ የሕፃን ሆኗል፤ የብረት ክር ሲነካው ያቃጥለዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፥ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት፥ «ጋሼ፥ ፈቃድ ሲሰጥዎት በናይለን ክር ይጀምሩ፤ አንድ ጣት በክሮቹ ሁሉ ላይ የሚጋደምበትን ባሬ ግን ገና እንዳይሞክሩ» ብላኛለች። ጅማቱ ተጣብቆ ከቀረ እርሱን የሚያላቅቅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እርሱም የሚታሰበው ወራት አልፈው የልምምዱ ጥቅም መቆሙ ሲታይ ነው።

ስለዚህ በመጪው የሠርግ ወራት የምትፈልጉኝ ወዳጆች ሌላ ጊታር ተጫዋች አስቀድማችሁ ያዙ፤ ማን እንደሚሻል በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። የቅዳሜ ተማሪዎቼ ግን ትምህርቱ አልተቋረጠምና ጊታራችሁን ይዛችሁ እንደ ወትሮው ኑ፤ እኔ በቃል እናገራለሁ፥ እናንተ ትጫወታላችሁ፤ በዚህ ወር የምንሠራው የቀኝ እጅ ምት ብቻ ነው።