የእግር ነርቭ ጉዳትና የምርመራ ውጤት አመዘጋገብ

እግሩን የሚደነዝዘው ወይም የሚያቃጥለው ሕመምተኛ በካርዱ ላይ ብዙውን ጊዜ «ፔሪፌራል ኒውሮፓቲ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቃሉ ነርቭ መጎዳቱን ይናገራል እንጂ በምን እንደተጎዳ አይገልጽም። መዝጋቢው ሐኪሙ ያልጻፈውን መጨመር ስለማይችል፣ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች አመዳደብ አሥረኛ እትም መሠረት ጂ62.9፣ ማለትም «ዓይነቱ ያልተገለጸ ፖሊኒውሮፓቲ» ብሎ ያልፈዋል። (ኮዱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ላልተለየለት ሕመምተኛ ተገቢ ነው።)

በቅድሚያ የሚለየው የተጎዳው አንድ ነርቭ ነው ወይስ ብዙ የሚለው ነው። በጉልበት ውጫዊ ጎን ተጨንቆ እግርን ወደ ላይ ማንሳት የሚከለክለው የፔሮኒያል ነርቭ ሕመም ጂ57.3 ነው። በአደጋ የተቆረጠ ነርቭ ግን ከጉዳቶች ጋር በኤስ ምድብ ይመዘገባል።

ሁለቱም እግሮች ከጣት ጀምሮ ሲደነዝዙ ዋናው ጥያቄ ምክንያቱ ይሆናል። አሥረኛው እትም ለዚህ ጥንድ ኮድ ይጠቀማል፤ የሰይፍ ምልክት ያለበት መነሻውን በሽታ፣ የኮከብ ምልክት ያለበት ደግሞ ያስከተለውን ጉዳት ያሳያል። ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ኢ11.4 እና ጂ63.2 በአንድነት ይጻፋሉ። የኮከቡ ኮድ ብቻውን አይቆምም።

ይህ ደንብ በተለይ በሥጋ ደዌ ላይ ይከብዳል። ትክክለኛው ጥንድ ኤ30 እና ጂ63.0 ሆኖ ሳለ ካርዱ ላይ «ኒውሮፓቲ» ብቻ ከተጻፈ፣ ሕመምተኛው ከሥጋ ደዌ ቁጥር ይወጣል፤ በቤቱ ያሉትንም የሚመረምር አይኖርም። ከስድስት ወር ያልበለጠ የነርቭ ጉዳት በፕሬድኒሶሎን ሊሻሻል ስለሚችል፣ ጉዳቱ የጀመረበት ጊዜም አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። አይሶናያዚድ ለሚወስድ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ደግሞ ጂ62.0 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በስም ካልተጠቀሰ ፒሪዶክሲን መስጠት ለሚገባው ባለሙያ መረጃው አይደርስም።

እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው እትም የሰይፉንና የኮከቡን ምልክት ትቶ ኮዶችን በማያያዝ ይጠቀማል። ቢሆንም ማያያዝ የሚቻለው የተጻፈ ምክንያት ሲኖር ነው።

ምርመራው ገና ካልተደረገና የታወቀው መቆንጠጥና መውረር ብቻ ከሆነ፣ በአሥረኛው እትም አር20.2 ብሎ ምልክቱን መመዝገብ፣ ምክንያቱ ሲገኝም ማስተካከል ይገባል።