ሁለት የፖስታ ጥቅሎች ለምን አብረው አይጫኑም?

የራሱን ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ብቻ ለሚልክ ኮምፒውተር እንደ ኑልሜይለር ያለ ቀላል የሶፍትዌር ጥቅል ይበቃዋል። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው፣ የሊኑክስ ሥርጭቶችን ለማጣጣም የወጣ ደረጃ፣ «ሴንድሜይል» የሚሰኝ ትእዛዝ በሥርዓቱ ውስጥ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን ትእዛዙን እንጂ ከባድ ፕሮግራም አልነበረም።

ችግሩ ኑልሜይለርም ሆነ ትልቁ ኤክሲም ይህን ትእዛዝ የሚያኖሩት በአንድ ስምና በአንድ ቦታ መሆኑ ነው። ስለዚህ በደቢያን ሥርጭት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ደቢያን ደረጃውን መከተል በ2015 እ.ኤ.አ. ቢተውም ይህ ደንብ ጸንቷል።

እንግዲህ በሐይቅም ይሁን በአምባሰል በደቢያን የሚሠራ ተማሪ፣ ጭነቱን ከመፍቀዱ በፊት የሚወጣውን ጥቅል ስም ያንብብ፤ አለዚያ ማስጠንቀቂያው ሳይታወቅ ሊቋረጥ ይችላል።