የሕፃናት አፍንጫ መታፈን፦ በቤት የሚደረግ እርዳታና ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ብርድ በሚበረታባቸው ወራት በብዙ ቤት ሌሊት ሌሊት አንድ ድምፅ ይሰማል፤ አፍንጫው የታፈነ ሕፃን የሚያሰማው የትንፋሽ ድምፅ ነው። እናት ትደነግጣለች፤ አያት የምታውቀውን መድኃኒት ትፈልጋለች፤ ጎረቤትም የየራሱን ምክር ይለግሳል። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ይጠቅማሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከጉንፋኑ የባሰ ጉዳት ያመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የሕፃን አፍንጫ ለምን እንደሚታፈን፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚረዳና ቀላሉ ጉንፋን ከአደገኛው የሳንባ ምች በምን እንደሚለይ እናብራራለን።

ለምን ይታፈናል?

ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ ጥቂት ንፍጥ እንኳ ይደፍነዋል። ጡት ሲይዝ አፉ ስለሚዘጋ ጥቂት ጠብቶ ይለቅቃል፤ ያለቅሳልም። ብዙ እናቶች “ልጄ ጡት ጠላ” ብለው የሚጨነቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሕፃኑ ግን ትንፋሽ አጥሮት እንጂ ጡቱን ጠልቶ አይደለም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሳይታመምም ሊያስነጥስና አፍንጫው ሊያፍን ይችላል። ደኅና እየጠባና እየተኛ ከሆነ አያሳስብም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንፍጥ አብዛኛውን ጊዜ የጉንፋን ነው። የጉንፋን መነሻ ቫይረስ ሲሆን፣ ከታመመ ሰው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ ይተላለፋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቅቃል። ንፍጡ ወፍሮ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ አረንጓዴነት መለወጡ ብቻውን የአንቲባዮቲክ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ይህ መድኃኒት ቫይረስን አያጠፋምና።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ የጨው ውሃ ነው። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል ውሃ በሚገባ ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ የደቀቀ ጨው ይሟሟበት። ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ በንጹሕ ማንጠባጠቢያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጠብታ መጨመር፣ ጥቂት መቆየት፣ ከዚያም በተጠቀለለ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ጫፍ የወጣውን ንፍጥ ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው። ጨርቁ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት የለበትም። ይህ ከመጥባቱና ከመተኛቱ በፊት ቢደረግ ይበልጥ ይረዳዋል። ውሃው በየቀኑ እንደ አዲስ ይዘጋጅ። ንፍጡን በአፍ መምጠጥ በሽታን ስለሚያስተላልፍ መተው ይገባል።

ሁለተኛው ጡት ማጥባት ነው። የታፈነ ሕፃን በአንድ ጊዜ ብዙ መጥባት ስለማይችል፣ ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ ይጥባ። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ሆነ ሻይ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ከጭስ ማራቅ ነው። የማገዶና የኩበት ጭስ የሕፃኑን አፍንጫና ሳንባ ያስቆጣል። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ምድጃ አጠገብ ከምትቆም፣ ሌላ የቤተሰብ አባል ከማብሰያው ራቅ ብሎ ቢይዝላት ይሻላል። ቡና ሲፈላም ከሰሉና ዕጣኑ ከሕፃኑ መኝታ ይራቁ።

ምን እንተው?

ቅቤና ዘይት በአፍንጫ ማንጠባጠብ ወይም ቅቤ ማዋጥ ቅባቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የዳማከሴ ጭማቂ በአፍንጫ መጨመር፣ ሜንቶልና ካምፎር ያለበትን ቅባት መቀባት፣ ለአዋቂ የተሠራ የጉንፋን መድኃኒት መስጠትም ለጨቅላ ሕፃን አይስማማም። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ጉንፋንን አያድኑም፤ ደም መፍሰስንና መመረዝን ግን ያመጣሉ።

መቼ እንቸኩል?

የአፍንጫ ድምፅ ያስጨንቃል፤ አደጋው የሚታየው ግን በደረት ላይ ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱ ከደረቱና ከሆዱ ላይ ተገልጦ፣ በሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠር። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ከቁጥሩ ሌላ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ የሚያቃስት፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ጡት መያዝ ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የፈዘዘ ሕፃን ሌሊትም ቢሆን በአስቸኳይ ይወሰድ። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሌላ ምልክት አይጠበቅም። ንፍጥ ከትኩሳት፣ ከዓይን መቅላትና ከሽፍታ ጋር ሲመጣ ደግሞ ኩፍኝ ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት።

በዚህ ረገድ ለምእመናን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ጸሎቱና ጸበሉ ሕክምናን አያስቀሩም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። በትንፋሽ እጥረት የተያዘ ሕፃን ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ክርስትና ለማንሣት በ40 እና በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ቤተሰቦች ከካህናትና ከክርስትና እናቶች ይህን ምክር ቢሰሙ ብዙ ሕፃናት በጊዜ ይደረስላቸዋል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት እንዳያልፍም እርስ በርስ እንተዋወስ።

የጨው ውሃ፣ የእናት ጡት፣ ከጭስ የራቀ መኝታ፤ እነዚህ በእያንዳንዱ ቤት ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ደቂቃ ትንፋሽ መቁጠርም ገንዘብ አያስወጣም። እናቶች ብቻ ሳይሆኑ አባቶችም ቢማሩት፣ በዚያች የጭንቀት ሌሊት መታገሥና መሮጥ የሚገባን መቼ እንደሆነ እንለያለን።