አደይ አበባ በአባይ ተፋሰስ ኮረብታዎች፤ የት፣ መቼና በምን ዝግጅት ይታያል?

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለጥቂት ሳምንታት መልኩን ይለውጣል። በአንዳንድ የሰሜን ንፍቀ ክበብ አገሮች የወቅቱ መለወጥ የሚታወቀው በዛፍ ቅጠሎች መቅላትና ወርቃማ መሆን ሲሆን፣ በአባይ ተፋሰስ ኮረብታዎችና ሸለቆዎች የሚታወቀው ግን በአደይ አበባ ቢጫ ቀለም ነው። በእነዚያ አገሮች የቅጠሉን ቀለም ለማየት የሚጓዘውን ሕዝብ ለማስተናገድ መንገዱ፣ ማረፊያውና የመመልከቻ ሥፍራው አስቀድሞ ይሰናዳል። የአደይ አበባ ወቅትም ተመሳሳይ ዝግጅት የሚሻ የአገር ሀብት ነው።

የአበባው ምንነት

አደይ አበባ በሳይንሳዊ አጠራሩ ባይደንስ በተባለው የዕፅዋት ወገን ውስጥ ለሚመደቡ፣ ተቀራራቢ መልክ ላላቸው በርካታ ዝርያዎች የተሰጠ የወል ስም ነው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ በአፍሪካ የሚገኙትን የዚህ ወገን ዝርያዎች የሚዘረዝር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። አበባው ከኑግና ከሱፍ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል።

አብዛኞቹ ዝርያዎች በየዓመቱ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው። ዘሩ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ ዝናቡ ሲቀንስ ያብባል፤ ዘሩን ከጣለ በኋላም ይደርቃል። በመሆኑም የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወሰነው በዚህ ዓመት መሬት ላይ በሚወድቀው ዘር ነው።

አበባው በብዛት የሚገኘው በእርሻ ወሰን፣ በመንገድ ዳር፣ በቦረቦር አፋፍ፣ ባልታረሰ ተዳፋትና ከንክኪ ነፃ በሆነ ኮረብታ ላይ ነው። በሰብል ውስጥ ሲበቅል ገበሬው እንደ አረም ይነቅለዋል። ስለዚህ የአበባው ህልውና በእጅጉ የተሳሰረው ማረሻና ከብት ካልደረሰባቸው ጠርዞች ጋር ነው።

ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ሌሎች ቢጫ አበባዎችንም አደይ ብለው ይወስዳሉ። ኑግ በዚሁ ወቅት የሚያብብ የቅባት እህል ሲሆን ሙሉ ማሳ ሸፍኖ ይታያል፤ ሜጭ ደግሞ በማሳ ውስጥ የሚበቅል የኑግ ዘመድ ነው። ሦስቱም ለንብ ቀሰም ምንጭ በመሆናቸው በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚህ አበባ ጋር የቀጥታ ግንኙነት አለው።

አበባው በሕዝቡ ባህል ውስጥም ከፍተኛ ሥፍራ ይዟል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ የሚይዙት፣ በደመራ በዓልም ከችቦው ጋር የሚታሰረው አደይ ነው። የመስቀል በዓል አከባበር በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

የት ይታያል?

ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነው የእንጦጦ ተራራ ነው። እንጦጦ የአዋሽንና የአባይን ተፋሰሶች የሚለይ የውሃ መክፈያ በመሆኑ ከጫፉ በስተሰሜን የሚወርደው ውሃ መድረሻው አባይ ነው። ተራራው በአመዛኙ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ አበባው ጎልቶ የሚታየው በዛፎቹ ሥር ሳይሆን በገላጣ ሥፍራዎችና ቁልቁል ወደ ሱሉልታ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው።

ይኸው አውራ ጎዳና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዘልቅ ወደ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ያደርሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ገዳም ከገደሉ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ በአቅራቢያው ካለው የራስ ዳርጌ ድልድይ አፋፍ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ይታያል። ድልድዩ በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ ቢባልም የተሠራው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በራስ ዳርጌ ነው። በመስከረም ወር በአፋፉ ላይ አበባውን፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችንና ከገደሉ የሚወረወረውን ፏፏቴ በአንድ ጊዜ መመልከት ይቻላል።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የአባይ በረሃ ይገኛል። መንገዱ ከደጋው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተጠናቀቀውን ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። አበባው ያለው በሁለቱም ወገን ባለው አፋፍ ላይ ሲሆን ወደ ቆላው በተወረደ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ሥፍራውን ለቆላ ቁጥቋጦ ይለቃል። የአየር ጠባይና የዕፅዋት ልዩነት በአንድ ሰዓት ጉዞ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ከደጀን ባሻገር ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ የበርካታ የአባይ ገባር ወንዞች መነሻ ነው። ከፍተኛው ክፍል የጅብራ መገኛ ሲሆን፣ አደይ የሚያብበው በዝቅተኛው ተዳፋት በሚገኙ የማሳ ጠርዞች ላይ ነው።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ አበባና ውሃ በአንድነት የሚታዩበት ሥፍራ ነው። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ ለጀመሩት ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ውሃው ስለሚጠለፍ በበጋ ወራት በእጅጉ ይቀንሳል። በመስከረም ግን ወንዙ ሙሉ በመሆኑ ፏፏቴውን ከነግርማው ለማየት ይህ ወቅት ተመራጭ ነው።

ጊዜውና ዝግጅቱ

የአበባው ዋና ወቅት ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ድረስ ያለው ነው። ይህም በበጀት ዓመቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ላይ ይውላል። ዋናው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በሐምሌ የሚጸድቅ በጀት ለመስከረም የሚሆን የእግር መንገድ፣ የመመልከቻ አጥርና መጸዳጃ ቤት ሊያደርስ አይችልም፤ በመካከል ያሉት ወራት የከባድ ዝናብ ወራት ናቸውና። ስለዚህ ሥራው ቢያንስ በቀደመው በጀት ዓመት በጋ፣ ከተፋሰስ ልማት ሥራው ጋር ተቀናጅቶ ሊከናወን ይገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ያን ያህል ከባድ አይደለም። በገደል አፋፍ ላይ መከላከያ ማቆም፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያ መለየት፣ የአካባቢው ወጣቶች በማስጎብኘትና ማርና ምግብ በማቅረብ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት መዘርጋት በወረዳ ደረጃ የሚፈጸሙ ተግባራት ናቸው። የመንገድ ዳር ምንጣሮ ዘሩ ከወደቀ በኋላ፣ ማለትም ከኅዳር ወዲህ እንዲሆን ማድረግም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። ከንክኪ ነፃ በሆኑ ኮረብታዎች የሣር አጨዳው በተመሳሳይ ጊዜ ቢከናወን አርሶ አደሩ መኖውን ሳያጣ አበባው ዘሩን ይተካል።

ጎብኚውም በበኩሉ አበባውን ከነሥሩ ከመንቀል መቆጠብ፣ በሰብል ማሳ ውስጥ አለመግባትና ከመነሳቱ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከሚመለከታቸው አካላት ማጣራት ይጠበቅበታል።