በሲና ዳርቻ ብቻን መጓዝ፦ ሆስቴል ከአልጋ በላይ የሚሰጠው ዋስትና

ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚመርጧቸው የባሕር ዳርቻዎች አንዱ ከሻርም ኤል ሼክ ተነሥቶ በዳሃብና በኑወይባ በኩል እስከ ታባ የሚዘልቀው የግብፅ ሲና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በአንድ ወገን ዕርቃናቸውን የቆሙ ቀያይ ተራሮች፣ በሌላው ወገን የአቃባ ባሕረ ሰላጤና የኮራል ክምችቱ ይታያሉ። መንገደኛው በእነዚህ መካከል በተዘረጋው ጠባብ መሬት ላይ ከከተማ ወደ ከተማ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ይሻገራል፤ ሌሊቱንም በርካሽ ሆስቴል ያሳልፋል።

ይህ የጉዞ ስልት በወጪ ቆጣቢነቱ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ሆስቴል ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከአልጋ የሚበልጥ ነገር የሚሰጥ መሆኑ ነው። ይኸውም መንገደኛው ወዴት እንደ ሄደና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ፣ ሲዘገይም የሚጠይቅለት ሰው ነው።

ስሞቹ ስለ ቦታው ምን ይናገራሉ?

የዳርቻው የዓረብኛ ስሞች ለመንገደኛው ጠቃሚ መረጃ ይዘዋል። ‹ሻርም› ወደ የብስ የገባ የባሕር ወሽመጥ ሲሆን ‹ዳሃብ› ወርቅ ማለት ነው። ወደ ባሕር ዘልቆ የገባ የመሬት ጫፍ ‹ራስ› ይባላል፤ ቃሉ ከአማርኛው ‹ራስ› ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ‹ዋዲ› የሚባለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ ደርቆ የሚታይ፣ በተራሮቹ ላይ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ ነው። ዝናቡ ከሩቅ ተራራ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚታይበት ቦታ ላይ ያለ ሰውም በጎርፍ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ‹ዋዲ› የሚል ስም ባለው ቦታ ድንኳን ተክሎ ማደር አይመከርም።

ሲና ወደ ግብፅ አስተዳደር የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ታባ በ1989 ተከትላለች። በባሕረ ገብ መሬቱ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ራስ መሐመድ በ1983 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ናብቅና አቡ ጋሉም በ1992 የተጠበቁ አካባቢዎች ተብለው ተሰይመዋል። በእነዚህ ስፍራዎች ኮራል መስበርም ሆነ ከባሕር ይዞ መውጣት የተከለከለ ነው።

የሆስቴል ሐሳብ ከየት መጣ?

የሆስቴል ታሪክ ራሱ ከመንገደኛ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብና ነጎድጓድ ስለ ያዛቸው ሌሊቱን በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ። ለእግረኛ ወጣቶች በየመንገዱ ርካሽ ማደሪያ ይኑር የሚለው ሐሳብ የተወለደው በዚያች ሌሊት ነው። በ1912ም በአልቴና ከተማ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ቋሚ የወጣቶች ሆስቴል ተከፈተ።

የዛሬው ሆስቴልም በመሠረቱ ከዚያው ሐሳብ አልራቀም። መንገደኛው የሚከራየው ሙሉ ክፍል ሳይሆን አንድ አልጋ ነው። ክፍሉን፣ መታጠቢያውን፣ ብዙ ጊዜም ማዕድ ቤቱን ከሌሎች ጋር ይጋራል። በዳሃብና በኑወይባ ‹ካምፕ› የሚባሉ ማደሪያዎችም አሉ። እነዚህ በግቢ ዙሪያ የተሠሩ ቀላል ክፍሎች ወይም ጎጆዎች ሲሆኑ፣ እንግዶች አመሻሽ ላይ ምንጣፍና ትራስ በተነጠፈበት የጋራ ስፍራ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል ያላቸው ሆስቴሎችም ስላሉ፣ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ቦታ ከመያዟ በፊት ይህንን ብትጠይቅ መልካም ነው። የራስን ቁልፍ ይዞ መሄድ፣ ፓስፖርትንና ገንዘብን ከተኙበት ሳይቀር አለመለየትም ጋራ ክፍል ለሚያድር ሁሉ የሚጠቅም ልማድ ነው።

በዚህ የጋራ ስፍራ የሚገኘው መረጃ በመጽሐፍ ከሚገኘው የተለየ ነው። ትናንት ከኑወይባ የመጣ እንግዳ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣ ያውቃል። የሆስቴሉ ሠራተኛም ነፋሱ ነገ ጀልባ ያስቀር እንደ ሆነ ይገምታል።

በመንገድ ላይ ያለው አደጋ ምንድን ነው?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከዳሃብ በስተሰሜን ‹ብሉ ሆል› ከሚባለው ስፍራ ተነሥቶ ወደ ራስ አቡ ጋሉም የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። በተራራውና በባሕሩ መካከል 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ይህ መንገድ መኪና አያስገባም፤ ሰዎች የሚያልፉበት በእግር ወይም በግመል ነው፤ ወደዚያው ለመድረስ ሁለተኛው አማራጭ ጀልባ ነው። ባሕሩ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚታይ አቅጣጫ መሳት አያሰጋም። የሚያሰጋው ጥላ አለመኖሩ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ስለሚችል፣ በማለዳ መነሣትና ለደርሶ መልስ የሚበቃ ውኃ መያዝ ግድ ነው። በመንገዱ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘ ብቸኛ መንገደኛ ስልኩ ካልሠራለት ያለው ተስፋ የሚያልፍ ሰው መጠበቅ ወይም ማደሪያው ውስጥ መዘግየቱን የሚያስተውል ሰው መኖሩ ነው።

ብሉ ሆል ራሱም የሚያስጠነቅቅ ስፍራ ነው። ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚጀምረው ይህ ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ወደ 100 ሜትር ይወርዳል። ከ50 ሜትር በታች ወደ ግልጹ ባሕር የሚያወጣ ተፈጥሯዊ ቅስት አለው። ለመዝናኛ ጠላቂዎች የተፈቀደው ከፍተኛ ጥልቀት 40 ሜትር ሲሆን፣ ቅስቱን ለማቋረጥ ሲሉ ከዚህ ወሰን ያለፉ ብዙዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የመታሰቢያ ጽላቶቻቸው በአጠገቡ ባለው ገደል ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ብቻ መጓዝ ይቻላል፤ ብቻ መጥለቅ ግን አይገባም። በውኃው ገጽ ላይ ዓሣና ኮራል እያዩ ለመዋኘት እንኳ ጓደኛ መያዝ ይመረጣል፤ ይህንን ጓደኛ ደግሞ በሆስቴል ማግኘት አያስቸግርም።

ወደ ተራሮቹ ዘልቆ ለመግባት ለሚፈልግ ሕጉ ከዚህ የጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ‹የሲና መንገድ› መጀመሪያ ላይ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እስከ ቅድስት ካትሪን 220 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ በ2018 ወደ 550 ኪሎ ሜትር አድጓል። መንገዱን የሚያስተዳድሩት የአካባቢው የቤዱዊን ጎሳዎች ናቸው። ተጓዡ በእያንዳንዱ ጎሳ ምድር የዚያው ጎሳ መሪ ይከተላል። የውኃ ጉድጓዶቹን የሚያውቁት እነርሱ ስለ ሆኑ ይህ ለገቢያቸው ብቻ ሳይሆን ለተጓዡ ሕይወትም የተበጀ ሥርዓት ነው። የጉዞው መዳረሻ የሆነው የስድስተኛው ክፍለ ዘመን የቅድስት ካትሪን ገዳም በቤተ መጻሕፍቱ ከያዛቸው የብዙ ቋንቋዎች ብራናዎች መካከል የግዕዝ ጽሑፎችም ይገኙበታል።

ከመነሣት በፊት ምን ይዘጋጃል?

በሲና መንገዶች ላይ የፍተሻ ጣቢያዎች ስላሉ ፓስፖርት ሁልጊዜ ከእጅ አይለይም። በሻርም ኤል ሼክ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም በታባ ለሚገቡ የአንዳንድ አገሮች ዜጎች፣ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻንና ቅድስት ካትሪንን ብቻ ለመጎብኘት የሚያስችል የ15 ቀን ነጻ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ግን ሁሉንም ዜጋ አይመለከትም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት የሚመለከታቸውን የቪዛ መመሪያ በግብፅ ኤምባሲ ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዝግጅት ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። መንገደኛው ማለዳ ከሆስቴሉ ከመውጣቱ በፊት በአንዲት ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን ጽፎ ለእንግዳ ተቀባዩ ይተዋል፦ የሚሄድበትን ስፍራ፣ የሚከተለውን መንገድ፣ የሚመለስበትን ሰዓት፣ እስከዚያ ካልተመለሰ የሚደወልለትን ሰው ስልክ። የጉዞ ዕቅዱ በመንገድ ላይ ከተለወጠና ስልክ የሚሠራ ከሆነ ለውጡን ያሳውቃል። አመሻሽ ላይ ሲመለስም በቀጥታ ወደ አልጋው አይሄድም፤ መመለሱን ለእንግዳ ተቀባዩ ይነግራል። ይህን ካልነገረ፣ እርሱ በሰላም ተኝቶ ሳለ ሌሎች በጨለማ ሊፈልጉት ይወጣሉ።