ያገለገለ ኢንቨርተር ሲጮኽ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ሦስቱም ከኃይል ምንጭ የራቁ አይደሉም። ከግልገል ጊቤ ሁለት የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው ሰበታ ነው፤ ከጣና በለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው ደግሞ ሱሉልታ ይገባል። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ችግሩ ያለው ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቤቱ ቆጣሪ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ የዘመመ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ዝናብ ሲነካው የሚቋረጥ ሽቦ። መብራት በሄደ ቁጥር መጨለም የሰለቸው ሰው ኢንቨርተር ይፈልጋል፤ ለአዲሱ ኪሱ ካልቻለ ከቴሌግራም ያገለገለውን ይገዛል። ሻጩ ዘንድ አንድ አምፖል አብርቶ የታየው ዕቃ ታዲያ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲሰካበት መጮኽ ይጀምራል።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ ያነሳል። መጀመሪያ ግን ማዳመጥ ይሻላል። ምንም ሳይሰካበት ይጮኻል? ጭነት ሲጨመርበት ብቻ ነው? መብራት ሲመጣ ይተዋል? ጩኸቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ብቻውን ብዙ ያሳያል።

ሲያነሱት የሚከብደው ኢንቨርተር ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር አለው። የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የትራንስፎርመሩ ብረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ለዓይን በማይታይ መጠን እየተለጠጠ ይኮማተራል፤ ወፍራሙ «እምም» የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህ የጤና ድምፅ ነው። ከልክ በላይ ሲጎላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላላ ብሎን ወይም የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግድግዳው አብሮት ይጮኻል፤ ከሥሩ የከመነዳሪ ቁራጭ ሲደረግለት ግን ይረጋጋል።

ቀለል ያለው ዓይነት የሚሠራው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ነው። ፍጥነቱ ከ20 ሺህ ሲያልፍ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ ዝቅ ሲል ቀጭን ፉጨት ይሆናል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከጣቢያ ሲነሳ የሚሰማው ፉጨት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከላይ ካለው ሽቦ የሚወስደውን 750 ቮልት ለሞተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚቀይርለት ኢንቨርተር ነው። ሲመንስ ለኦስትሪያ የሠራው ታውረስ የተባለው ሎኮሞቲቭማ ሲንቀሳቀስ እንደ ዜማ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ፉጨት ብቻውን አያስደነግጥም። ትናንት ያልነበረ፣ ጭነት ሲጨመር የሚብስ ፉጨት ከሆነ ግን የላላ ጥቅል ሽቦ ወይም የደከመ ካፓሲተር አለ ማለት ነው።

አንዳንዴ የሚጮኸው ኢንቨርተሩ ሳይሆን የተሰካበት ዕቃ ነው። «ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ» የተባለው ርካሽ ዓይነት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ አይደለም፤ በደረጃ የሚዘልል ነው። ፍሪጅና ቬንትሌተር ሲሰኩበት ያጉረመርማሉ፣ ሞተራቸውም ይግላል። ይህን የሚያስተካክል ጥገና የለም፤ ለፍሪጅ «ፒውር ሳይን ዌቭ» የሚለውን መፈለግ ነው።

በእነዚህ ከተሞች በብዛት የሚያጋጥመው ግን ኢንቨርተሩን ራሱን የሚያቀዘቅዘው የውስጥ ቬንትሌተር ጩኸት ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ከፍታው ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡራዩና ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣሉ። ብዙ አምራቾች ዕቃው ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንደሆነ መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያነሳም። ቬንትሌተሩ ረጅም ሰዓት በሙሉ ፍጥነት ሊሽከረከር ይገደዳል። በዚያ ላይ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ይጨመርበታል። አቧራው በሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ክንፎች መካከል ተጋግሮ ይደርቃል፣ የቬንትሌተሩ ግራሶ ይጠነክራል፣ ኩሽኔታው «ግርርር» ማለት ይጀምራል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ባትሪውም የመብራቱም መስመር ከተነቀለ በኋላ ቬንትሌተሩን ከውጭ በእንጨት ስንጥር ገፋ ማድረግ። ጤነኛው ለትንሽ ጊዜ በራሱ ይዞራል፤ የደከመው ወዲያው ይቆማል ወይም ወዲያና ወዲህ ይላል። ከወዳደቀ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የተፈታ ቬንትሌተር ብዙ ጊዜ ይተካዋል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ መሆን አለበት፣ የአየሩም አቅጣጫ እንደ ቀድሞው ይሁን።

ሳያቋርጥ «ጢጥ ጢጥ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ሰው ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይሮጣል፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሁሉ የከፋው ብክነት ይኸ ነው። 1,000 ዋት የሚጎትት ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ ከ90 አምፔር በላይ ይስባል። የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖረው በዚያች ነጥብ ላይ አንድ ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ከ80 ዋት በላይም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባትሪው 11.8 ቮልት እየሰጠ ኢንቨርተሩ የሚያየው 10.9 ነው፤ ስለዚህ ይጮኻል። ጭነቱ እንደበራ በቴስተር አንዴ በባትሪው ጫፎች፣ አንዴ በኢንቨርተሩ ጫፎች ላይ መለካት ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ገመዱን ማወፈርና ማሳጠር፣ ማሰሪያውን ማጽዳትና ማጥበቅ ይበቃል። ከ3,000 ዋት በላይ የሚበላውን የእንጀራ ምጣድ በእንዲህ ያለ ኢንቨርተር ላይ ማሰብ ግን አይገባም።

«ቀጭ ቀጭ» ደግሞ ከመብራት ወደ ባትሪ የሚያሸጋግረው የሪሌይ ድምፅ ነው። በአካባቢው ብየዳ ቤት ወይም ወፍጮ ሲነሳ ቮልቱ ይወርዳል፤ ኢንቨርተሩ መብራት የሄደ መስሎት ወደ ባትሪ ይዘላል፣ ወዲያው ይመለሳል። ቻርጀር ያላቸው ብዙ ኢንቨርተሮች ለዚህ ሁለት ምርጫ አላቸው፤ አንዱ ከ170 ቮልት በታች አይቀበልም፣ ሌላው እስከ 90 ይታገሳል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ሁለተኛው ይሆናል፤ ለፍሪጅ ግን የወረደ ቮልት ሞተር ስለሚያቃጥል የመጀመሪያው ይሻላል።

ክዳኑን የሚከፍት ባለሙያ ካፓሲተሮቹን በዓይኑ ያያል፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡኒ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ይቀየራል። በ10 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ስሌት ነው፤ ስለዚህ ቬንትሌተሩ የደከመ ኢንቨርተር ካፓሲተሩም አብሮ ይደክማል። ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ልምድ የሌለው ሰው እጁን አያስገባበት። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ኢንቨርተሩን ከቤቱ ሶኬት ጋር ማገናኘት ነው። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ መስመር ይወጣል፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሞተ መስመር ነካሁ ብሎ ሕይወቱን ያጣል።

ገና ያልገዛ ሰው ሻጩ ዘንድ ከኢንቨርተሩ አቅም ያነሰ የልብስ ካውያ ይዞ ይሂድ፤ አሥር ደቂቃ ያህል አብርቶ ያዳምጥ። ጀርባው ላይ የተለጠፈውንም ያንብብ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ ቻርጀሩ እዚህ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ የሚያወጣውም ኤሌክትሪክ የሰበታውን ፍሪጅ በአግባቡ አያስነሳም።