የብረት እጥረትና የጭንቀት ሆርሞኖች



ልቤ ይመታል፣ ይደክመኛል፣ እጄና እግሬ ይቀዘቅዛል ብላ ወደ ሐኪም የምትሄድ ወጣት ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ጭንቀት ነው፤ ዕረፍት አድርጊ» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። የጭንቀት ሆርሞኗ በእርግጥ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ከፍ ያደረገው ግን ሐሳብ ሳይሆን የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል።

ሄሞግሎቢን ሲያንስ ሰውነት የኦክስጅኑን ጉድለት ለማካካስ ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓትን ያነቃቃል፤ ልብም ይፈጥናል። ይህ የታወቀ ነው። የሚያስገርመው ኖርአድሬናሊን ራሱ ያለ ብረት የማይሠራ መሆኑ ነው፤ ታይሮሲንን ወደ ዶፓ የሚለውጠው ኢንዛይም ብረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብረት ሲጎድል ሆርሞኑም ያንሳል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። በብረት እጥረት የደም ማነስ የያዛቸው ሕፃናት በሽንታቸው የሚያስወግዱት ኖርአድሬናሊን ከልክ በላይ ነበር፤ ብረት በመርፌ ሲሰጣቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ልኩ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ በአንድ ሳምንት የደም ማነስ ሙሉ በሙሉ አይድንም። እንግዲህ ጉዳዩ የኦክስጅን ብቻ አይመስልም። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው፣ ኖርአድሬናሊንን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ፣ በብረት እጥረት ጊዜ በፕሌትሌቶች ውስጥ ሥራው እንደሚቀንስ ታይቷል። ምርቱ ቢቀጥልና ማስወገዱ ቢዘገይ ክምችቱ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ እኔን የሚያሳምነኝም ይኸው ማብራሪያ ነው።

ብርዱም ምክንያት አለው። የታይሮይድ ሆርሞንን የሚሠራው ኢንዛይም ሄም የተባለውን ብረት ያዘል ውሁድ ይፈልጋል፤ ሙቀት ማመንጨት ሲዳከም ሰውነት ተጨማሪ ኖርአድሬናሊን ይለቃል። ኮርቲሶልን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አብዛኞቹም ሄም አላቸው፤ ስለ ኮርቲሶል ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ ወጥ ስላልሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከፍታው ደግሞ ያታልላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል፣ 12 ግራም በዴሲሊትር የተባለው የዝቅታ መለኪያ ሳይስተካከል ከተወሰደ ታማሚዋ «ደህና ነሽ» ተብላ ትመለሳለች። የደም ማነስ ከመከሰቱ በፊትም የብረት ክምችት ሊሟጠጥ ይችላል፤ እሱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው። ፌሪቲን ግን በቁስለትና በኢንፌክሽን ጊዜ ያለ ብረት ሊጨምር ስለሚችል ለብቻው አይነበብም። እንክብሉን የምትወስድም በቡናና በሻይ ሰዓት አትዋጠው፤ ሁለቱም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ።